የአባ ጎሽ ቦጋለ ዘመቻ በጎልቦ ጅግሮች ላይ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ከናይሮቢ የተነሣው አስፋልት ሞያሌ ደርሶ ከድንበሩ ኬላ ፊት በቆመ በስምንተኛው ዓመት፣ አባ ጎሽ ቦጋለም በኬንያ ሞያሌ ሆቴላቸውን በከፈቱ በሃያ ሰባተኛው፣ የሆቴሉን ጄኔሬተር በለወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ ምድር ደርቃ ፍየል ሁሉ ካርቶን በምትቆረጥምበት ወራት የሆነው ነገር ይህ ነው። እኛም ያየውን ጠይቀን፣ የሰማውን መርምረን፣ የወዳጅንም የነቃፊንም ቃል አመዛዝነን፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ ጻፍነው፤ ታሪክ በአፍ ብቻ ሲኖር እንደ ሊጥ ኩፍ ይላልና።

እኒህ አቶ ቦጋለ በቁመታቸው መካከለኛ፣ በሆዳቸው ከመካከለኛ ያለፉ፣ በድምፃቸው ከሁለቱም የላቁ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ በዓል አክባሪ፣ በተጣላ መካከል ገላጋይ ነበሩ። ከደገኛው አገር ተሰደው ሲመጡ አንዲት ብርድ ልብስና አንድ ታሪክ ይዘው መጡ፤ ብርድ ልብሷ በስደተኞች ካምፕ ተሰረቀች፣ ታሪኩ ግን ቀረላቸው። ታሪኩም በወጣትነታቸው በኦሞ በረሃ አድብተው ሳለ፣ አቧራ እያስነሣ የመጣባቸውን ጎሽ በአንዲት ጥይት ግንባሩን ብለው ጣሉት የሚል ነው። ስለዚህም አባ ጎሽ ተባሉ። ከጎሽ ፊት ያልሸሸ ሰው ከባለጸጋ ፊት አይሸሽም ተብሎ በከተማው ስለ ታመነ፣ ደገኛው ነጋዴ ከባልንጀራው ሲጣላ፣ ቦረናው ከአማቹ ሲቀያየም፣ ቡርጂው ከጎረቤቱ በአጥር ሲካሰስ፣ ሁሉም ለሽምግልና ወደ እርሳቸው ይልኩ ነበር። እንግዲህ ያ ጎሽ የአንድ ሰው ጉራ ብቻ አልነበረም፤ የብዙ ሰው ዕርቅ በጀርባው ላይ ተጭኖ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከጥምቀት አስቀድሞ በነበረው ሳምንት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ በሆቴሉ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ሳሉ፣ ኢዛና የሚባል፣ በኬላው የነጋዴዎችን የጭነት ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ በወረቀት ያላየውን ጆንያ አለ ብሎ የማያምን ሰው ተነሥቶ፣ ጎሹ ሲወድቅ በየትኛው ጎኑ እንደ ተኛ በትሕትና ጠየቀ። አባ ጎሽም በቀኝ ጎኑ አሉ። ኢዛናም አምና በዚሁ ወራት በግራ ጎኑ ተኛ ብለውን ነበር አለ። ከተቀመጡት መካከል አንዱ ጎሹ እንቅልፍ እንቢ ብሎት ይገላበጥ ነበር ወይ ብሎ ሳቀ፤ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ታፈሰ በወጥ ቤቱ መስኮት ራሱን አውጥቶ፣ የሞተ ነገር ሲገፈፍ መገላበጡ ያለ ነው ሲል ለጌታው ተሟገተ። ሙግቱ ግን ከስድቡ የባሰ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ጎሹ ተገፈፈ ያለ ሰው አልነበረምና፣ ቆዳው የት አለ የሚል ጥያቄ ወለደ። በዚህ ጊዜ ኢዛና በጉባኤው ፊት እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ጋሼ፣ ጎሽ አምጡ አላልንም፤ ጎሽ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። በእጅዎ የወደቀ አንድ የሚበላ ነገር፣ ወፍም ብትሆን፣ ያሳዩን። ከዚያ በኋላ ጎሹ በፈለገው ጎኑ ይተኛ።»

አባ ጎሽም ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ የነገሥታቱ አዋጅ ነጋሪ በሚቆምበት አቋቋም ቆመው፣ አስፋልት ማዶ ድረስ በተሰማ ድምፅ አዋጅ መለሱ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከጥምቀት በኋላ ባለው ዓርብ እዘምታለሁ፣ ቅዳሜ አድናለሁ፣ እሑድ በዚህ ግቢ በእጄ የወደቀውን ትበላላችሁ። ባዶ እጄን ብመለስ አባ ጎሽ ብሎ የሚጠራኝ አይኑር፤ ለሽምግልናም የሚልክብኝ አይኑር።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅአየሁ ይህን ሰምታ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው አይጥ በቤት በታየች ቁጥር ወንበር ላይ የሚወጣው ማን፣ መጥረጊያ የሚያነሣው ማን እንደ ነበረ ለጎረቤቶቿ በዝግታ ገለጸች። ነገር ግን ባሏ በአደባባይ ቃል የሰጠ ሰው ስለ ሆነ፣ ለእሑድ የሚሆን አንድ ኩንታል ቀይ ሽንኩርት እንዲላጥ አዘዘች።

በኬንያ ምድር ትልልቁን አውሬ ማደን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ላለው የሚፈቀደው አንዳንድ የዱር ወፍ ብቻ ነው። በዚያ ወራት ከጎልቦ ሜዳ ማዶ፣ በዐለታማ ኮረብታ ሥር፣ አዲስ ሎጅ ተከፍቶ፣ በገበያው ግድግዳ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት አስለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱም የጅግራና የቆቅ አደን ልምድ ካለው መሪ ጋር፣ ንጹሕ የመዋኛ ገንዳ፣ በምሽትም የአንበሳ ግሣት ይሰጣል ይል ነበር። ዘመቻው ወደዚያ ሆነ።

ሠራዊቱም ይህ ነው። በቀኝ ክንፍ ታፈሰ ወጥ ሠሪው፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ቋት በርበሬና አንድ ባዶ ከረጢት የያዘ፤ በግራ ክንፍ ኢዛና፣ የሆነውን ሁሉ ይጽፍ ዘንድ ጉባኤው ምስክር አድርጎ የሾመው፣ ሦስት እስክሪብቶ የታጠቀ፤ በግንባር ዋሪዮ፣ የነጯ ፕሮቦክስ መኪና ነጂ፣ በሞያሌና በማርሳቢት መካከል ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ የሚያውቅ፤ በመካከል ራሳቸው አባ ጎሽ፣ ብዙ ኪስ ያለው ካኪ ኮት ለብሰው፣ በአንዱ ኪስ የጨጓራ መድኃኒት፣ በሌላው መነጽር ይዘው፣ በቀሩት ዐሥራ አንድ ኪሶች ምንም ሳይዙ። ከዚህ ሌላ ሠራዊት አልነበረም፤ ፕሮቦክሷ ከነነጂው አምስት ሰው ብቻ ትይዛለችና። አምስተኛው መቀመጫ ለሚገደለው አውሬ ተጠብቆ ባዶውን ሄደ።

በጥር ዐሥራ ስድስት ቀን፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሡ። ከከተማው መውጫ ባለው ኬላ ፖሊሱ ገመዱን ሳያወርድ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ፤ አባ ጎሽም በግርማ ለአደን አሉ፤ ፖሊሱም ድስቶቹን አየ፣ ቋቱን አየ፣ የካኪውን ኮት አየ፣ ካሪቡ፣ እለፉ፣ ብሎ ገመዱን አወረደ፤ ካለፉም በኋላ ባልደረባውን ጠርቶ ረጅም ጊዜ ሳቀ ይባላል። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ጎልቦ በገቡ ጊዜ መንገዱ መንገድነቱን ተወ፤ በርበሬውም ከቋቱ ወጥቶ በመኪናይቱ ውስጥ ተነሣ፤ አራቱም ጀግኖች እያነጠሱና እያለቀሱ፣ ከጠላት ጋር ገና ሳይገናኙ እንደ ተሸነፈ ጦር ሆነው፣ በዘጠኝ ሰዓት ሎጁ ደረሱ።

የመዋኛ ገንዳው በእርግጥ ነበረ፤ ውኃ ግን አልነበረበትም፤ በወለሉ ላይ የሎጁ ጠባቂ ቦቆሎ አስጥቶበት ነበር። የአንበሳው ግሣትም በጊዜው ተሰማ፤ አባ ጎሽ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ይህ ወንድ አንበሳ ነው፣ ቁጡም ነው ብለው ለኢዛና አስጻፉ፤ አንበሳው ግን ናፍጣ ሲያልቅበት ዝም አለ፣ መብራቱም አብሮት ጠፋ። ጠመንጃው አንድ፣ ጥይቱ ሁለት ነበር፤ ሦስተኛዋን ጅብ ለማባረር እንደ ተኮሷት ጠባቂው ያለ ኀፍረት ተናገረ። ልምድ ያለው መሪ የተባለውም ጋልጋሎ የሚባል የኦቦ መንደር ሰው፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት የተቀጠረ፣ ዕድሜውን ሁሉ ግመል የጠበቀ፣ ወፍ አድኖ የማያውቅ፣ ነገር ግን ሐሰት የማያውቅ ሰው ነበር። ስለ ልምዱ ሲጠየቅ የግመል ልምድ እንዳለው መለሰ፤ የሚሰማው ሁሉ ትሕትና መሰለው።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ጋልጋሎ አንድ ሥፍራ ላይ ቆሞ አፈሩን ተመለከተ፣ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካ፣ ቀና ብሎ ነፋሱን አሸተተ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ምዕራብ አቀና። ሠራዊቱም ተከተለው። በእሾኹ መካከል፣ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በዐለቱ ሥር፣ ፀሐይ ከራሳቸው በላይ እስክትቆም ድረስ ተከተሉት፤ እርሱም አንድ ጊዜ እንኳ ዱካውን አልሳተም። አባ ጎሽ የሚከተሉት ነገር ትልቅ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ በጣም ትልቅ ናት አለ። ክፉ ናት ወይ አሉት፤ ከተናደደች ትናከሳለች አለ። አባ ጎሽም ከዚያ ወዲያ ከሰልፉ ፊት ወደ ሰልፉ መካከል፣ ከመካከልም ወደ ኋላ፣ መሬቱን ከኋላ ሆነው ለመመርመር ሲሉ ተሸጋገሩ። ኢዛናም ጻፈ፦ ትልቅ፤ ትናከሳለች።

በስድስት ሰዓት ከአንድ የግራር ጥላ ሥር አገኟት። ቆማ ታመሰኳ ነበር። ጋልጋሎም ሮጦ አንገቷን አቀፈ፣ በቦረንኛ ብዙ የፍቅር ቃል ነገራት፣ ከዚያም ወደ ሠራዊቱ ዞሮ፣ አባ ጎሽን እንደ አገሩ ልማድ ሙዜ፣ ሽማግሌው፣ ብሎ እየጠራ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ሙዜ፣ ይህችን ግመሌን አራት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጥቻት ነበር። እግራችሁ ዕድለኛ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ።»

አባ ጎሽ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኢዛና ያደንነው ይህችን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጋልጋሎም እጅግ ተደንቆ፣ የራሱን ግመል የሚያድን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ መለሰለት። ለደስታውም ግመሏን አልቦ በመጀመሪያ ለታላቁ ሰው አቀረበ፤ ደገኛ ክርስቲያን ግን የግመል ወተት በአፉ ስለማያደርስ፣ አባ ጎሽ ደረታቸውን ይዘው አመስግነው ተዉት፣ ታፈሰና ኢዛናም እንዲሁ፤ ዋሪዮ የአራቱን ድርሻ ጠጣ። ድል አድራጊ ጦር ምርኮን እየነዳ እንደሚመለስ፣ እነርሱም ግመሏን እየነዱ ወደ ሎጁ ተመለሱ።

በዐሥር ሰዓት ሎጁ በደረሱ ጊዜ፣ ከሎጁ የውኃ ታንከር ሥር፣ ከቧንቧው በሚንጠባጠበው ኩሬ ዙሪያ፣ ሃያ የሚያህሉ ጅግሮች፣ ነጠብጣብ ካባቸውን ለብሰው፣ ሰማያዊ አንገታቸውን እያስረዘሙ ይጠጡ ነበር። ጠባቂው ከጧት ጀምሮ እዚያው እንደ ነበሩ፣ በየቀኑም እዚያው እንደሚውሉ ነገራቸው። ይህን ማን ጠየቀኝ ሲልም ጨመረ።

አባ ጎሽ ጠመንጃውን ተቀበሉ። ታፈሰ ድስቱን ከፈተ። ኢዛና እስክሪብቶውን አነሣ። ዋሪዮ ፕሮቦክሷን ትቶ ከኋላቸው ሸሸ፤ በጥበብም ሸሸ። እርሳቸውም ጠመንጃውን ወደ ትከሻቸው አቅርበው፣ አንድ ዓይን መዝጋት የሚገባውን ለጥንቃቄ ሲሉ ሁለቱንም ዘግተው ተኮሱ። ድምፁ በኮረብታው ተመለሰ። ጥይቲቱም ፍንጣሪ የምትረጭ ነበረችና ታንከሩን ከወገቡ በላይ በዐሥራ ሁለት ሥፍራ በሳችው፤ ውኃውም በዐሥራ ሁለት መንገድ፣ በቤተ መንግሥት እንደ ተሠራ ፏፏቴ፣ በውበት ፈሰሰ። ጅግሮቹ ግን በአንድነት ተነሥተው በየአቅጣጫው ሲበሩ፣ አንዲቱ ከመደንገጧ የተነሣ በቆመችው ፕሮቦክስ በር ላይ በሙሉ ኃይሏ ተላትማ፣ በሩን አጎድጉዳ፣ በጀርባዋ ወደቀች። ጠባቂውም እየጮኸ መጥቶ ጠመንጃውን ከአባ ጎሽ እጅ ወሰደ፤ ባልዲ ፍለጋም ሄደ።

ጅግራዋ አልሞተችም ነበር፤ ራሷን ስታ ትተነፍስ ነበር። ሳትሞትም መታረድ ነበረባት፤ ሞታ ከሆነ ለማንም አትሆንምና። በሞያሌ ደግሞ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ስለዚህ በግብዣ ሁሉ ሁለት ፍየል፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ይዘጋጃል፣ በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም። ጅግራዋ ግን አንዲት ነበረች።

ታፈሰ ወፏን በእቅፉ፣ ቢላዋውን በእጁ ይዞ፣ በአብ ስም ሊል አፉን ሲከፍት፣ አባ ጎሽ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። በእሑዱ ግብዣ ከተጠሩት ግማሾቹ ሙስሊሞች መሆናቸውን፣ በመሪነት የደከመውም ሙስሊሙ ጋልጋሎ መሆኑን አሰቡና፣ ለአንድ ሆቴል ጌታ በሚገባ ቸርነት እንዲህ አወጁ፦

«ጋልጋሎ፣ አንተ እረዳት። ስሙ ለኔ ይበቃኛል፣ ሥጋው የእናንተ ይሁን፤ ጎረቤቴ እያየኝ ብቻዬን በልቼ አላውቅም።»

ጋልጋሎም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ሙዜ፣ ይህማ አይሆንም። አደኑም ወፏም የእርስዎ ነው። ከእንግዳ አፍ ነጠቀ ይሉኛል። እርስዎ ይባርኩ።»

አባ ጎሽ ቢላዋውን ከታፈሰ ወስደው እጀታውን ወደ ጋልጋሎ አዞሩ፤ ጋልጋሎ ተቀብሎ እጀታውን ወደ ዋሪዮ አዞረ፤ ዋሪዮ እርሱ ከግመሏ ወተት ወዲህ ምንም እንደማይርበው ምሎ ወደ ኢዛና አሳለፈው፤ ኢዛና እርሱ ምስክር ስለ ሆነ በነገሩ እጁን ማስገባት እንደማይገባው ተናግሮ ወደ አባ ጎሽ መለሰው። ቢላዋው እንዲህ ሁለት ጊዜ ዞረ። ታፈሰ ጋሼ ዓይኗን ገለጠች ብሎ አሳሰበ፤ ማንም አልሰማውም፤ በዚያ ሰዓት ጋልጋሎ አባቱ ለእንግዳ ያረደውን በሬ ታሪክ፣ አባ ጎሽም በሆቴላቸው የሙስሊም ድስት ከክርስቲያን ድስት በፊት እንደሚወጣ ይናገሩ ነበርና። በመጨረሻም ኢዛና ዕጣ ይጣል ብሎ ፈረደ፣ ሁሉም ፍርዱን አጸደቁ፣ እርሱም ከደብተሩ ቀድዶ በሁለት ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ታፈሰም እጁ ስለ ዛለ ጅግራዋን ለአፍታ መሬት ላይ አሳረፋት።

እርስዋም ተነሣች። ላባዋን አራገፈች፣ አንገቷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞረች፣ ከጉባኤው መካከል እንደ ታላቅ ወይዘሮ በዝግታ ተራምዳ በአባ ጎሽ ሁለት እግሮች መካከል አለፈች፤ ካለፈችም በኋላ ሮጠች፣ ወደ እሾኹም ገባች። ወረቀቶቹ በኢዛና እጅ ቀሩ። ዘግይቶ አንዱ ሲወጣ ዕጣው ለአባ ጎሽ ደረሰ።

እሑድ በመመለሻው መንገድ አምስተኛው መቀመጫ እንደ ሄደ ባዶውን ተመለሰ። አባ ጎሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር፤ ፊታቸውም እንደ ሰባ ዓመት ሰው ፊት ሆነ፤ ዕድሜያቸውም በእርግጥ ስድሳ ስምንት ነበረ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የታወቀባቸው አልነበረም። በመጨረሻ የተናገረው ከሳሻቸው ኢዛና ነበር፤ ልቡ ራርቶ ነበርና። እንዲህም አለ፦

«ጋሼ፣ እኔ ወድቃለች ብዬ እመሰክራለሁ። ወድቃለችም። ስለ መነሣቷ የጠየቀኝ የለም።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሐሰት ሁሉ የከፋው በእውነት ተሸፍኖ የሚመጣው ነውና። አንዱ ክፉ ምክር ሌላውን ይጠራልና፣ ታፈሰ ደግሞ በርበሬ ከገባበት በኋላ ጅግራን ከዶሮ ለይቶ የሚያውቅ ምላስ በሞያሌ እንደሌለ አስረዳ። ከመንገዱ ዳር ካለችው ዳበል መንደር ሲደርሱ ሀዎ ከምትባል ሴት ደጅ ዶሮዎች ሲጭሩ አዩ። ሁለት ገዙ። ሀዎም የአራቱን ሰዎች ፊት አይታ፣ ዶሮዎቹ ለለቅሶ ቤት እንደ ሆኑ ጠየቀች፤ ታፈሰም ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣት። አንዷን ታፈሰ በአብ ስም አረዳት፤ ሁለተኛዋን ዋሪዮ ቢስሚላህ ብሎ አረዳት፤ አንዷ ወደ አንዱ ድስት፣ አንዷ ወደ ሌላው ድስት ገባች፤ ላባቸው ተቀበረ። ሁሉም ነገር ዕጣ ሳይጣል፣ ቢላዋ ሳይዞር፣ አንድ ሰው ሌላውን ሳይለምን፣ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ። ለእውነት አንዲት ጅግራ አልበቃ ያለው ሥርዓት፣ ለሐሰት በሁለት ዶሮ ወዲያው ተስተካከለ።

ከሰዓት በኋላ በዐሥራ አንድ ሰዓት ሆቴሉ ግቢ ሲገቡ ሕዝቡ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የኩንታሉ ሽንኩርት ቁሌት ሆኖ ከጧት ጀምሮ ሥጋውን ሲጠብቅ ውሎ፣ ሽታው እስከ ገበያው ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሁለቱን ድስቶች ተቀብላ፣ አንዷን በክዳኗ ቀዳዳ አሽትታ፣ ባሏን ቀና ብላ አይታ፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ወጡም ተሠርቶ ወጣ፤ በሁለት ገበታ በየሥርዓቱ ቀረበ።

በዚህ ጊዜ ቦሩ ተነሣ። ይህ ቦሩ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ፣ ከወንድሙ ከዲዳ ጋር በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዐሥራ አንድ ዓመት የተካሰሰ፣ አራት ሽማግሌዎችን ተራ በተራ የመለሰ፣ በሁለቱ ጠብ ምክንያት የልጆቻቸው ሠርግ እንኳ ተለያይቶ የተደገሰ ሰው ነው። በበትሩ ተደግፎ፣ ለሕዝቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አወጀ፦

«ቦጋለ፣ ከዲዳ ጋር ያለኝን የጉድጓዱን ነገር ዛሬ ላንተ ሰጠሁ። ጎሽን ያልፈራ ወንድሜንም እኔንም አይፈራም። የፈረድከው ይጽና።»

ሕዝቡም ይጽና አለ። ኢዛና አንገቱን አቀረቀረ። አባ ጎሽም በእጃቸው የያዙትን የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፋቸው አላደረሱትም፤ ወደ ገበታው መለሱት። ተነሡ። በአዋጅ ድምፃቸው አልነበረም የተናገሩት፤ አጠገባቸው ያሉት ብቻ ሰምተው ለሌሎቹ አስተላለፉ፦

«ዶሮ ነው። በሁለቱም ድስት ያለው ዶሮ ነው። ጅግራዋ አመለጠች። ጎሽም... ጎሽ አልገደልሁም። ጎሽ ያየሁት በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ነው፤ ሮጦ ያመለጠውም መኪናው ነው።»

 የሚስቅ ሊስቅ ፈለገ፣ የአባ ጎሽን ፊት አይቶ ተወው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሠላሳ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር እንደ ሆነ ሁሉ፣ በረጋ ድምፅ «ብሉ እንጂ፤ ዶሮው ቢዋሽም ቁሌቱ እውነት ነው» አለች። ከፊሉ በላ። ቦሩ ግን አልበላም። በትሩን አንሥቶ፣ «እንግዲያስ ነገሬን መልስልኝ» ብሎ ወጣ፤ አባ ጎሽም መለሱለት፤ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው፣ ራሳቸው ያወጁት ቅጣት በራሳቸው ላይ መፈጸሙ ነው። አባ ጎሽ ብሎ የጠራቸው አልነበረም፤ በየካቲትና በመጋቢት ለሽምግልና የላከባቸው አልነበረም፤ የተጣሉ ሰዎች ከሆቴሉ ፊት ለፊት እያለፉ ወደ ሌላ ይሄዱ ነበር፤ እርሳቸውም በበረንዳው ተቀምጠው ሲያልፉ ያዩአቸው ነበር። ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ነገር ግን ከተማ ያለ ተረት አይኖርም። ዋሪዮ በመናኸሪያው ተሳፋሪ ሲጠብቅ የጅግራዋን ነገር ተረከ፤ በፕሮቦክሷ በር ላይ ያለውን ጉድጓድም፣ እንዲህ ያለውን ተራ ወፍ አይሠራውም እያለ አሳየ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ጅግራዋ የበግ ያህል አከለች። የካቲት ሲያልቅ ሰጎን ሆነች፤ ሰጎኗም መኪናውን ረገጠች፣ አቶ ቦጋለም በባዶ እጃቸው አንገቷን ይዘው ታገሏት ተባለ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ከናይሮቢ የመጡ የጭነት መኪና ነጂዎች ሰጎን የገደሉት ሰው የትኛው ነው እያሉ ሆቴሉን ይጠይቁ ጀመር፤ ሆቴሉም ከመቼውም ይልቅ ሞላ። ታፈሰ በዚህ እጅግ ደስ አለው። አቶ ቦጋለ ግን ይህ በተነገረ ቁጥር፣ እንግዳም ቢሆን፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ጅግራ ናት። አመለጠች።» ይሉ ነበር። ታንከር የበሱት እርሳቸው መሆናቸውንም ሳይጠየቁ ይጨምሩ ነበር። እንግዶቹም ትሕትናቸውን እያደነቁ፣ እንዲህ ያለ ጀግና ስለ ራሱ አይናገርም ይሉ ነበር፤ እርሳቸውም ዳግመኛ ይነሡ ነበር። ጎሹን ለመጣል አንዲት ጥይት በቃቻቸው፤ ሰጎኗን ለማሳነስ ግን ሁለት ወር ሙሉ ተዋጉ።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግም ትንሣኤ ማግሥት፣ ቦሩ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ነበር።  በውስጥ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ስለ ሰጎኗ ሲያወድስ፣ አቶ ቦጋለም ሲነሡና ወደ ልኳ ሲመልሷት ሰማ። ነጋዴው አምላክ ይጠብቅዎ እያለ በመሳቅ ሰጎን እንደ ሆነች ሲሟገት፣ እርሳቸውም በድካም ጅግራ ናት ሲሉ ሰማ። ሄደ። በማግሥቱ ተመለሰ፤ ከኋላው፣ ዐሥር እርምጃ ርቆ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየተመለከተ፣ ወንድሙ ዲዳ ይከተለው ነበር። ቦሩም በበረንዳው ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ቦጋለ፣ ሰጎን በነጻ ሰጡህ፣ አልወሰድህም። ጉድጓዴንም አትወስድም። ተቀመጥና ፍረድ።»

እርሳቸውም ተቀመጡ፣ የሁለቱንም ቃል ሦስት ቀን ሰሙ፣ ከወሩም በጎዶሎው ቀን የቦሩ፣ በጥንዱ ቀን የዲዳ ከብቶች ከጉድጓዱ እንዲጠጡ ፈረዱ፤ ፍርዱም ጸና።

እንግዲህ ምስጋና የሚገባቸው እኒህ ናቸው፤ ጎሽን በቃል የገደሉ፣ በቃልም ከሞት ያስነሡ፤ በጥይታቸው ደም ያላፈሰሱ፣ ውኃ ግን በዐሥራ ሁለት መንገድ ያፈሰሱ፤ ለጎረቤት ሲሉ ምርኮአቸውን ያጡ፣ ለጎረቤት ሲሉ ስማቸውን የጣሉ፤ በጎልቦ ሜዳ ተሸንፈው በበረንዳቸው የረቱ፤ ያልሠሩት ሥራ በሕዝብ ፊት ሲጫንባቸው ትከሻቸውን ያራቁ፤ አቶ ቦጋለ፣ የሞያሌ ሸምጋይ፣ የሁለት ድስት ጌታ። ጅግራዋም በዚያ እሾኽ ውስጥ በሕይወት እንዳለች፣ የጅግራም ያህል እንደ ሆነች፣ በዚህ ጽሑፍ ይታወቅ።